ያውቁ ኖሯል? የኮርማ ዘርና ሱፐርኮንዳክተር በአንድ ፈሳሽ ይቀዘቅዛሉ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ላሞችን በሰው ሠራሽ ዘዴ የሚያዳቅሉ ባለሙያዎች የኮርማ ዘር የሚያቆዩበት ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ሱፐርኮንዳክተር የሚባለውን ቁስም ለሥራ እንደሚያበቃ ያውቁ ኖሯል?

ፈሳሹ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። የባለሙያው መያዣ ክዳን ሲነሳ ነጭ ጉም እየተንፎለፎለ ይወጣል፤ ዘሩን የያዘችው ቀጭን ቀሰምም ከውስጡ ትመዘዛለች።

እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ የተገኘው የኢትሪየም፣ የባሪየምና የመዳብ ኦክሳይድ የተባለው ሱፐርኮንዳክተር ደግሞ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ኤሌክትሪክን የሚያግድ ጠባዩ ይጠፋል፤ ስለዚህ የፈሳሽ ናይትሮጅኑ ቅዝቃዜ ይበቃዋል።

ቁሱ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ስለሆነ በብረት ጥብጣብ ላይ በስሱ ይለበጣል። በአንደኛው ዘዴ፣ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ክፍል ውስጥ የሌዘር ጨረር ኦክሳይዱን እየመታ ያተነዋል፤ ትነቱም በጋለው ጥብጣብ ላይ ያርፋል። ሙቀቱን፣ የኦክስጅኑን መጠንና የጥብጣቡን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ነው። የሽፋኑ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ማይክሮ ሜትር ቢሆን ነው፤ የሰው ፀጉር ከዚህ በብዙ እጥፍ ይወፍራል።

እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካው ኤምአይቲ በተሞከረው ባለ 20 ቴስላ ማግኔት ላይ የዚህ ዓይነት ጥብጣብ 267 ኪሎ ሜትር ያህል ተጠምጥሟል።