ይህ ውጤት በእርግጥ እኔን ይገልጸኛልን?



ታላቋ ልጄ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቷን አጠናቃ የምትቀጥልበትን የትምህርት ክፍል መርጣ ቅጽ የምትሞላበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ነርስ የመሆን ምኞት እንዳላት ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። አንድ ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ቡና ተፈልቶ እንደተቀመጥን ስልኳን ይዛ መጣችና «እማዬ፣ ነርስነቱን ትቼዋለሁ» አለችኝ።

«ምነው? ምን ተገኘ?» አልኳት።

«የባሕርይ ፈተና ወስጄ ነው። ጭምት ነሽ፣ ለብቻሽ መሥራት ነው የሚስማማሽ፣ ሰው ሲበዛ ትደክሚያለሽ ይላል። እስቲ አንብቢው፤ ቁርጥ እኔን ነው!»

ተቀብዬ አነበብኩት። እውነትም እርሷን ይመስላል። ግን ደጋግሜ ሳየው እኔንም መሰለኝ። ሠርግ ቤት ገብታ የማትጠግበውን ታናሽ እህቴንም መሰለኝ! ነገሩን እንድመረምር የገፋፋኝም ይኸው ነው።

ፈተናው ከየት መጣ?

የሰውን ባሕርይ በዓይነት በዓይነቱ መክፈል አዲስ ነገር አይደለም። የጥንት የግሪክ ሐኪሞች የሰው ጠባይ በአካሉ ውስጥ ባሉ አራት ፈሳሾች ሚዛን ይወሰናል ይሉ ነበር። ኢብን ሲናም በታላቁ የሕክምና መጽሐፋቸው ስለ ሰው «ሚዛጅ» በሰፊው ጽፈዋል።

ዛሬ በስፋት የታወቀው ባለ 16 ዓይነቱ መለኪያ ግን የመጣው ከአሜሪካ ነው። ካትሪን ብሪግስና ልጃቸው ኢዛቤል ማየርስ፣ ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተሙት መጽሐፍ ላይ ተመሥርተው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አዘጋጁት። እናትና ልጅ በሥነ ልቦና ሙያ የሠለጠኑ አልነበሩም። ዓላማቸው ግን መልካም ነበር፤ ሰው ከጠባዩ ጋር የሚስማማ ሥራ እንዲያገኝ መርዳት ነው። በየስልኩ የሚሰጡት አጫጭር ፈተናዎች ብዙዎቹ የዚሁ ግልባጮች ናቸው።

ባለሙያዎች የሚነቅፉት አንድ ዐቢይ ጉድለት አለ። ብዙው ሰው ፈጽሞ ጭምት ወይም ፈጽሞ ተጫዋች አይደለም፤ መካከል ላይ ነው የሚገኘው። ፈተናው ግን መካከሉን ላይ መስመር ያሰምርና ወዲህ ያለውን «ጭምት»፣ ወዲያ ያለውን «ተጫዋች» ይላል። በመስመሩ አጠገብ የቆመ ሰው ዛሬ አንድ ጥያቄ በሌላ መልክ ቢመልስ ነገ ስሙ ይለወጣል። ጥቂት የማይባሉ ሰዎች ከሳምንታት በኋላ ደግመው ሲፈተኑ ሌላ ዓይነት ሆነው ይገኛሉ። እኔም ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለት ሰው ሆኛለሁ!

«ቁርጥ እኔን ነው» ለምን እንላለን?

እ.ኤ.አ. በ1948 ቤርትራም ፎረር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቻቸው የባሕርይ ፈተና ሰጡ። ቆይተውም «ይህ የአንተ ውጤት ነው» እያሉ ለእያንዳንዱ ወረቀት አደሉ። ገለጻው ምን ያህል እንደሚስማማቸው ከ0 እስከ 5 ነጥብ እንዲሰጡም ጠየቋቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። ነገር ግን የሁሉም ወረቀት ቃል በቃል አንድ ነበር! መምህሩ ዓረፍተ ነገሮቹን የለቀሙት በየመንገዱ ከሚሸጥ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው።

ምሥጢሩ ምንድን ነው? «አንዳንድ ጊዜ ጨዋታ ትወዳለህ፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ዝምታ ይሻልሃል» ቢባል የማይስማማው ማን አለ? ጥቂት ሙገሳም ሲጨመርበት ልብ ፈጥኖ ይቀበላል። ልጆቻችንን ከኮከብ ቆጣሪ ደጃፍ እንዲርቁ እንመክራለን። ያው ዓይነት ንግግር የሳይንስ ካባ ለብሶ በሌላ በር ሲገባ ግን ልብ አላልነውም። «ይመስለኛል» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ታዲያ ባሕርይ የሚባል ነገር የለምን?

አለ እንጂ! ከዐብዱል-ቀይስ ጎሣ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሊጎበኙ ከመጡት መልእክተኞች መካከል አሸጅ የተባለው ሰው፣ ጓደኞቹ ከነጉዞ ልብሳቸው ሲሽቀዳደሙ እርሱ ኋላ ቀርቶ ንብረታቸውን አደራጀ፣ ልብሱንም ቀየረ፣ ከዚያም በእርጋታ መጣ። ነቢዩም ቻይነቱንና እርጋታውን አላህ የሚወዳቸው ጠባያት መሆናቸውን ነገሩት። አሸጅ እነዚህን ያገኘው በራሱ ጥረት ይሁን በተፈጥሮው ሲጠይቅ፣ አላህ በተፈጥሮው የሰጠው መሆኑ ተገልጾለታል። እንግዲህ የተፈጥሮ ጠባይ እውነት ነው።

ግን በዚያ አያበቃም። ኢማም አል-ገዛሊ (1058–1111) «ኢሕያእ» በተባለው ሥራቸው ጠባይ አይለወጥም የሚሉትን ሲሞግቱ የተምር ፍሬን ምሳሌ ያነሣሉ። የተምር ፍሬ ገና ዛፍ አይደለም፤ ተንከባክበው ቢያሳድጉት የተምር ዛፍ ይሆናል፤ ምንም ቢንከባከቡት ግን የቱፋህ ዛፍ አይሆንም። ልጄ እንደ አክስቷ የሠርግ ቤት ድምቀት ላትሆን ትችላለች። ይህ ማለት ግን ፍሬው ሳይተከል ይቅር ማለት አይደለም።

አራቱ መስተዋቶች

እኚሁ ኢማም ሰው የራሱን ጉድለት የሚያውቅባቸውን አራት መንገዶች ዘርዝረዋል። እነርሱም የነፍስን ሕመም የሚያውቅ መምህር፣ እውነቱን የሚናገር ወዳጅ፣ የጠላት ምላስ፣ እንዲሁም ከሰው ጋር ተቀላቅሎ በሌላው ላይ ያየውን ጉድለት በራሱ መፈተሽ ናቸው። ልጄን «ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት እነዚህን ሞክሪ» አልኳት።

የመድረሳ ኡስታዟን ጠየቀች። «ትክክል የሆነውን እያወቅሽ እጅሽን አታነሺም ነበር» አሏት። የልብ ጓደኛዋ «ስትሳሳቺ ሦስት ቀን ትጠፊያለሽ» አለቻት። ጠላት ስለሌላት ታናሽ ወንድሟን ጠየቀች፤ እርሱም ሳያቅማማ «በጨዋታ ስትሸነፊ ታኮርፊያለሽ!» አላት። በዚያው ሰሞን አያቷን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። አንዲት ተለማማጅ ደም ሥር አልገኝ ብሏት እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ አጠገቧ ያለችውን ታላቅ ነርስ መጥራት አፍራ ስትቸገር አየች። ማታ ስትመለስ «እማዬ፣ ያቺ ልጅ እኔ ነኝ» አለችኝ።

ያን ሌሊት ነገሩ ግልጽ ሆነልን። ችግሯ ጭምትነት አልነበረም፤ ስትሳሳት መታየትን መፍራት ነው። አያቷ «ወላሂ፣ ሽማግሌው ታመው ሲተኙ ሌሊት እየተነሣች ታገላብጣቸው የነበረችው ይህችው ልጅ አይደለችምን?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከሰው መሸሽ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ትሸሽ ነበር። ፍርሃት ደግሞ በልምምድ ይታከማል።

ለወላጆች አንድ ቃል

አሁን የራሴን ልናገር። ልጄ 5 ዓመት ሳይሞላት ጀምሮ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ተዉአት፣ ዓይነ አፋር ናት» የምል እኔ ነበርኩ። ፈተናው አዲስ ስም አላወጣላትም፤ እኔ ያወጣሁላትን ስም ነው የመለሰላት። ስልኩን ከመውቀሳችን በፊት በየቤታችን «ይህ ሰነፍ ነው፣ ይህች ቁጡ ናት» እያልን ስንቱን ልጅ እንደሰየምን እንጠይቅ።

እናንተ ወጣቶችም ፈተናውን ብትሞክሩት አትጎዱም። ውጤቱን ግን እንደ ጥያቄ እንጂ እንደ ፍርድ አትቀበሉት። ወደሚያውቋችሁ ሰዎች ውሰዱት፤ «ጓደኛዬ፣ እኔ እንዲህ ነኝን?» በሉ። አንድ በር ሊዘጋባችሁ ከፈለገ በተለይ ተጠራጠሩት። የመለኪያው ባለቤቶች እንኳ ሠራተኛ ለመምረጥ እንዳይውል ያሳስባሉ።

ልጄ በቅጹ ላይ ነርስነትን 1ኛ ምርጫዋ አድርጋ ሞላች። ምደባውን እየጠበቅን ነው። እኔም እንግዳ ሲመጣ ስለ እርሷ መናገር ትቻለሁ፤ ራሷ ትናገራለች።

አላህ ራሳችንን በትክክል የምናውቅ፣ ያወቅነውንም የምናርም ያድርገን። አሚን።