ከቪአይ መውጣት ያቃተው ጠበቃ

ሦስት ጠበቆች የምንጋራት አንዲት ቢሮ አለችን። ቢሮዋ ድረ ገጽ አላት፤ ድረ ገጹን የሠራልን ልጅ ግን ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተቀየረውን የቢሮ ስልክ ቁጥር ድረ ገጹ ላይ ማስተካከል ነበረብኝ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። የድሮው ቁጥር ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። የይግባኝ ጊዜው ሊያልፍበት የደረሰ ደንበኛ ደውሎ «ተሳስተዋል» ቢባል ምን ሊደርስበት እንደሚችል በሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

ልጁ በስልክ ይመራኝ ጀመር። «ጋሼ፣ ጥቁሩን መስኮት ይክፈቱ፤ አሁን ቪአይ ብለው የፋይሉን ስም ይጻፉ» አለኝ። ጻፍኩ። የድረ ገጹ ጽሑፍ ዝርግፍ አለ። «ይኸው መጣ!» ከማለቴ ስልኩ ተቋረጠ፤ ደግሜ ብደውል «ማግኘት አይችሉም» ይላል። ማውዙን አንቀሳቅሳለሁ፣ ምንም የለም። አንዱን ፊደል ስነካ መስመር ይዘላል፣ ሌላውን ስነካ ኮምፒዩተሩ ይጮኻል። ልውጣ ብዬ በእንግሊዝኛ «ኤክዚት» ብዬ ጻፍኩ፤ ከጽሑፉ አንዲት ፊደል ጠፍታ ያልነበረች ‹ቲ› ገባችበት። በመጨረሻ የኮምፒዩተሩን ሶኬት ነቀልኩ። ሕጋዊ እርምጃ አልነበረም።

ኀፍረቴን ያቀለለልኝ በኋላ ያነበብኩት ነው። ስታክ ኦቨርፍሎው በተባለው የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ሰው ከዚሁ ፕሮግራም እንዴት እንደሚወጣ ጠይቆ ነበር። በ2017 ጥያቄው ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ መታየቱን ድርጅቱ ራሱ አስታወቀ። የታሰሩት እንግዲህ ጠበቆች ሳይሆኑ የሙያው ባለቤቶች ናቸው።

ለመሆኑ ማውዝ የማያውቅ የጽሑፍ ማረሚያ እስከ ዛሬ ለምን ኖረ? ድረ ገጾችን የሚሸከሙት ሰርቨሮች ብዙውን ጊዜ የራሳቸው ስክሪንም ማውዝም የላቸውም፤ ከሩቅ ሆኖ በጽሑፍ ብቻ ነው የሚታዘዙት። ቅንብራቸው የተቀመጠውም በተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ስለዚህ በዚያው ጥቁር መስኮት ውስጥ የሚሠራ ማረሚያ፣ ባለሙያዎቹ ቴክስት ኤዲተር የሚሉት፣ የግድ ያስፈልጋል። ቪአይን እ.ኤ.አ. በ1976 የጻፈው ቢል ጆይ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ከቤቱ በ300 ባውድ ሞደም ይሠራ ነበርና መስመሩ በሰከንድ የሚያሳልፈው 30 ያህል ፊደል ነው። ባለ 24 መስመር ስክሪን በየመስመሩ 80 ፊደል ቢይዝ በጠቅላላው 1,920 ይሆናል፤ አንድ ገጽ ሞልቶ እስኪታይ ከአንድ ደቂቃ በላይ መጠበቅ ማለት ነው። ትእዛዞቹን በአንድ በአንድ ፊደል ያሳጠራቸውም ለዚህ ነው። በሚወላዳ ኢንተርኔት ሥራ የሠራ የአገራችን ሰው ይህን ሰውዬ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

እኔን ያሰረኝ ቁልፍ ነገር ይህ ነው። ቪአይ ሁለት ጠባይ አለው፤ አንዱ የትእዛዝ፣ ሌላው የጽሕፈት። ችሎት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ዳኛው ከሚናገሩት መዝገብ ላይ የሚሰፍር አለ፣ «በሩን ዝጋው» የሚባልም አለ። ጸሐፊው ሁለቱን ካልለየ «በሩን ዝጋው» ብይን ውስጥ ይገባል። ቪአይ ሲከፈት በትእዛዝ ጠባዩ ነው፤ የሚነኩትን ፊደል ሁሉ እንደ ትእዛዝ ይቀበላል። «ኤክዚት» ስል ‹ኢ› ወደ ቃሉ መጨረሻ ወሰደችኝ፣ ‹ኤክስ› እዚያ ያለችውን ፊደል ሰረዘች፣ ‹አይ› ወደ ጽሕፈት አሻገረችኝ፣ ‹ቲ› ተጻፈች። ማሽኑ የታዘዘውን አንድ በአንድ ፈጽሟል።

እንግዲህ መጻፍ ሲፈልጉ ትንሿን ‹አይ› ይጫኑ። ሲጨርሱ፣ ወይም የት እንዳሉ ሲጠፋዎት፣ በኪቦርዱ ግራ ጥግ ያለውን ‹ኢስኬፕ› ይጫኑ፤ ደጋግመው ቢጫኑት ጉዳት የለውም። ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ‹ኪው›፣ ቃለ አጋኖ ጽፈው ‹ኢንተር› ሲሉ የነካኩትን ሁሉ ጥለው ይወጣሉ። ሥራዎን አስቀምጠው ለመውጣት ሁለት ነጥብ፣ ‹ደብልዩ›፣ ‹ኪው› ነው። የተሳሳቱትን ለመመለስ ‹ዩ›፣ ሙሉ መስመር ለመሰረዝ ‹ዲ› ሁለት ጊዜ። ካፕስ ሎክ በርቶ እንዳይሆን፤ ትልቁና ትንሹ ፊደል የተለያየ ትእዛዝ ናቸው። የሰሞኑ ቪአይ ብዙ ቦታ ቪም ነው። ሆላንዳዊው ብራም ሞለናር እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው፣ እሱም በ2023 ያረፈ። ፕሮግራሙ በነጻ ይሰጣል፤ ያለ ፋይል ሲከፍቱት ግን የኡጋንዳ ድሃ ሕፃናትን እንዲረዱ ይጠይቅዎታል። ከዚህ የተሻለ የአገልግሎት ክፍያ ውል አላየሁም።

ይህ ሁሉ ለማይጥመው ሰው ናኖ አለ። ናኖ ሁለት ጠባይ የለውም፤ እንደከፈቱት ይጽፋሉ፤ ትእዛዞቹም ከስር ተዘርዝረዋል። ከፊደሉ በፊት የምትታየው የቀስት ጫፍ የመሰለች ምልክት «ኮንትሮልን ይዘህ» ማለት ናት። ኮንትሮልና ‹ኦ› ያስቀምጣል፣ ኮንትሮልና ‹ኬ› መስመር ይቆርጣል፣ ኮንትሮልና ‹ዩ› ይለጥፋል፣ ኮንትሮልና ‹ኤክስ› ያስወጣል። ያልተቀመጠ ነገር ካለ ሳይጠይቅ አይለቅም፤ ‹ዋይ› አዎ፣ ‹ኤን› አይሆንም።

ቢሮ ለለመደ እጅ ዋናው ወጥመድ ግን ሌላ ነው። በወርድ የኖርን ሰዎች ጣታችን ሳያስበው ኮንትሮልና ‹ኤስ› ይላል። በአንዳንዱ ጥቁር መስኮት ይህ ማስቀመጥ ሳይሆን ስክሪኑን ማቆም ነው፤ ተበላሸ ብለው መስኮቱን ከመዝጋትዎ በፊት ኮንትሮልና ‹ኪው› ይበሉ፣ ይለቀቃል። በቪአይ ኮንትሮልና ‹ዜድ› ደግሞ ስሕተት አይመልስም፤ ፕሮግራሙን ከነሥራዎ አስተኝቶ ባዶ መስመር ላይ ያስቀምጥዎታል። ሥራዎ የጠፋ ይመስላል፤ አልጠፋም። ‹ኤፍ ጂ› ብለው ‹ኢንተር› ቢሉ ተመልሶ ይነሣል።

በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች አንድ ተጨማሪ አለብን። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከቀረ ‹ኪው› ስንጫን ‹ቅ› ይወጣል፣ የላቲኑ ሁለት ነጥብም በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች የእኛው የቃላት መለያ ‹፡› ይሆናል። ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው፤ ለቪአይ ግን አይደሉም። ሁለት ነጥብ ብያለሁ እያሉ የማይወጡ ከሆነ መጀመሪያ ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱ። ኢማክስ የተባለው ሌላው ጥንታዊ ማረሚያ በአንጻሩ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ከውስጡ ይዞ ነው የሚመጣ፤ ለእሱ ሌላ ቀን ያስፈልገዋል።

መብራት ቢጠፋስ? ቪም በየ200 ፊደሉ፣ ወይም ለ4 ሰከንድ ያህል እጅዎን ሲያነሡ፣ ያልተቀመጠውን ሥራ ጎን ለጎን በሌላ ፋይል ይገለብጣል። ሰኞ ልጁን አግኝቼ ያንን ፋይል ስከፍት አንድ ገጽ ሙሉ የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ የመጣብኝም ለዚህ ነው። «ጋሼ፣ እንዳይደነግጡ። መጀመሪያ ሌላ ሰው ፋይሉን ከፍቶት እንዳይሆን ይዩ። ያ ከሆነ ‹ኪው› ብለው ይውጡ፤ በሁለት እጅ አይጻፍበትም» አለኝ። ሌላ ሰው አልነበረም። ‹አር› ስል የቅዳሜው ሥራዬ ተመለሰ፤ ‹ቲ›ዋ ከነቦታዋ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። በቃለ አጋኖው ጥዬ ወጣሁ፤ ደግሜ ከፍቼ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ‹ዲ› ብዬ ቅጂውን አስወገድኩ። ከዚያ ‹አይ›፣ አዲሱ ስልክ ቁጥር፣ ‹ኢስኬፕ›፣ ሁለት ነጥብ፣ ‹ደብልዩ›፣ ‹ኪው›።