ፊደል በአንድ ጭረት፦ የፓልም «ግራፊቲ» ዛሬም ስልካችሁ ላይ ይሠራል

ስልካችሁ ላይ ብሮውዘር ክፈቱና ኢንተርኔት አርካይቭ ውስጥ ገብታችሁ «ፓልም ፓይለት» ብላችሁ ፈልጉ። የድሮ የፓልም ፕሮግራሞችን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ብሮውዘር ላይ እንዲሠሩ አድርገው አስቀምጠዋቸዋል። የትንሹ መሣሪያ ስክሪን ይመጣል፣ ከሥሩም ባዶ ቦታ አለ። ማስታወሻ መጻፊያውን ክፈቱና እዚያ ባዶ ቦታ ላይ በጣታችሁ የጎጆ ጣሪያ ሳሉ። አግዳሚዋን መስመር ተዉአት። የእንግሊዝኛው «ኤ» ተጻፈ ማለት ነው።

ይሄ ነው ግራፊቲ። ኪስ ውስጥ የሚገባው ፓይለት በ1996 ገበያ ሲወጣ ይዞት ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ፊደል ማለት ይቻላል ብዕሩ ሳይነሳ በአንድ ጭረት ያልቃል። ብዕሩን ስታነሱ ማሽኑ ፊደሉ እንዳለቀ ያውቃል። ስለዚህ መገመት የለበትም። ፊደሎቹን ጎን ለጎን መደርደርም አያስፈልግም፤ አንዱን በሌላው ላይ፣ እዚያው ቦታ ላይ ትጽፋላችሁ። ከግራ ወደ ቀኝ ሰረዝ ክፍት ቦታ ይሰጣል፣ ከቀኝ ወደ ግራ ደግሞ ያጠፋል። የለመደ ሰው ስክሪኑን ሳያይ መጻፍ ይችላል። የዛሬው ኪቦርድ ይሄን አይሰጣችሁም።

ከዚያ በፊት አፕል በ1993 ኒውተንን አውጥቶ ነበር። ኒውተን የእናንተን የእጅ ጽሑፍ እንዳለ ለማንበብ ሞከረ፣ ብዙ ጊዜም ተሳሳተ። ዘ ሲምፕሰንስ ሳይቀር ቀልዶበታል። ፓልሞች ግን ነገሩን ገለበጡት፦ ማሽኑ እናንተን ከሚማር እናንተ ትንሽ ተማሩ አሉ። በእኔ እይታ ትክክል ነበሩ።

እኛም እኮ ይሄን እናውቀዋለን። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ቴክስት ስናደርግ «ጨው»ንና «ቸር»ን በተመሳሳይ ፊደል የምንጀምረው ማን አስተምሮን ነው? ከማሽኑ ጋር ተስማማን እንጂ። (ግራፊቲ በግዕዝ ፊደል ቢሠራስ? «ሀ» እና «ለ» እጅ ሳይነሳ ይጻፋሉ፣ «ጨ» ግን ያስቸግራል። 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ቅርጽ ከመሸምደድ መጀመሪያ ግዕዙን ጽፎ ቀጥሎ የድምፁን ጭረት መጨመር ይሻል ነበር።)

ታዲያ የት ጠፋ? ፍርድ ቤት ነው ያጠፋው። ዜሮክስ ውስጥ ዴቪድ ጎልድበርግ የሚባል ተመራማሪ «ዩኒስትሮክስ» የሚል የአንድ ጭረት አጻጻፍ ፈጥሮ ነበር፤ ኩባንያው በ1997 ፓተንቱን አገኘና በዚያው ዓመት ከሰሰ። ክርክሩ ገና ሳያልቅ ፓልም በ2003 ወደ «ግራፊቲ 2» ቀየረ። በቀጣዩ ዓመት ዳኛ ፓተንቱን ውድቅ አደረገው። ነገሩ በዚያም አላበቃም፣ በ2006 ፓልም 22.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ታረቀ። የድሮው ግራፊቲ ግን አልተመለሰም፤ ከዚያ በኋላ ስልኮች ወደ ኪቦርድ ሄዱ። አክሰስ የተባለው ኩባንያ በ2010 ለአንድሮይድ አውጥቶት ነበር።

ስትሞክሩት ቁጥሮችን በቀኙ በኩል ጻፉ፣ የግራው ለፊደል ነው። «ቲ» በአንድ ጭረት እምቢ ካለቻችሁ ደግሞ ያገኛችሁት ሁለተኛው ስሪት ነው፤ እዚያ «ቲ»፣ «ኬ»፣ «አይ» እና «ኤክስ» ሁለት ሁለት ጭረት ይፈልጋሉ።