አዲሱን ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንጫን ወይስ በነባሩ እንቆይ?

ተማሪዎቻችን ደጋግመው ከሚያቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ «ኮምፒዩተሬ ቀርፋፋ ሆኗል፤ አዲስ ዊንዶውስ ቢጫንበት ይፈጥን ይሆን?» የሚል ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ካቋረጠ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው በርክቷል።

በቅድሚያ ስለ ፍጥነቱ እንመልከት። ኦፐሬቲንግ ሲስተም የኮምፒዩተሩን አካላት የሚያስተባብር ሶፍትዌር እንጂ የፕሮሰሰሩን አቅም የሚጨምር አይደለም። በብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ የዝግመቱ ምንጭ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሴኮንድ 120 ዙር ያደርጋል፤ አንዱ ዙር 8.3 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል ማለት ነው። የሚፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የግማሽ ዙር ጊዜ፣ ማለትም 4.2 ሚሊ ሴኮንድ ያህል መጠበቅ ግድ ይላል። ማንበቢያው ራሱ ወደ ትክክለኛው መስመር ለመሻገር የሚያጠፋው ጊዜ ገና አልተቆጠረም። ይህ እጅግ አጭር ጊዜ ይመስላል፤ ነገር ግን በ3 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር በዚያው ቅጽበት 12 ሚሊዮን ያህል ዑደቶችን ያጠናቅቃል። እንዲህ ያለውን ኮምፒዩተር የሚያፋጥነው አዲስ ዊንዶውስ ሳይሆን ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ነው።

ከፍጥነት የከበደ ጉዳይም አለ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ስፔክትሮሜትር ጋር የተያያዘ፣ በዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሠራ ኮምፒዩተር ነበረን። በቅን ልቦና ባለ 64 ቢት አዲስ ሥርዓት ጫንበት። በማግስቱ መሣሪያው ድምፁን አጠፋ! ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ለ32 ቢት የተጻፈ ድራይቨር አይቀበልም፤ የመሣሪያው አምራች ደግሞ አዲስ ድራይቨር አላዘጋጀም። የመመረቂያ ጽሑፉን መለኪያዎች ሊወስድ የተዘጋጀ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሁለት ሳምንት ሙሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። የቀድሞውን ሃርድ ዲስክ ሳንደመስስ ማስቀመጣችን ብቻ አዳነን።

ይህ ሲባል ማሻሻል ፋይዳ የለውም ለማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢካተትም፣ ዊንዶውስ የራሱን የአማርኛ ፎንት (ኒያላን) ይዞ የመጣው በ2007 ለገበያ ከቀረበው ቪስታ ጋር ነው። ቪስታን ብዙዎች ቢያማርሩትም እኛ በዚህ ረገድ ባለውለታችን ነው እንላለን።

ዋነኛው ምክንያት ግን ደኅንነት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተሰኘው ጎጂ ሶፍትዌር ፋይሎችን እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ የብሪታንያ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሥራቸው ተስተጓጉሏል። የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ግን ድጋፍ ላልተቋረጠባቸው ዊንዶውሶች ከሁለት ወራት በፊት ወጥቶ ነበር። በብዛት የተጠቁትም ማሻሻያውን ያልጫኑ የዊንዶውስ 7 ኮምፒዩተሮች ነበሩ።

ስለዚህ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ኮምፒዩተር የደኅንነት ማሻሻያ በማያገኝ ሥርዓት ላይ ሊቆይ አይገባውም። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ሜሞሪ፣ 64 ጊጋ ባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት አካል ይጠይቃል። ይህን የማያሟላ ነገር ግን ጤነኛ የሆነ ኮምፒዩተር ያለው ተማሪ፣ ከመጣሉ በፊት ያለ ክፍያ የሚገኘውን ሊኑክስ ቢሞክር እንመክራለን።

የስፔክትሮሜትሩ ኮምፒዩተር ግን በኤክስፒ እንደቀጠለ ነው። ከማንኛውም ኔትወርክ ተነጥሏል፤ መረጃው የሚወጣው ለዚሁ ብቻ በተመደበ አንድ ፍላሽ ነው። ፍላሹን ለሙዚቃ መቅጃ እንድናውሳቸው የሚጠይቁን ተማሪዎች አልጠፉም፤ እስካሁን ግን አልፈቀድንላቸውም።