ላሙ፦ በባሕር ዳር ያለች አሮጌ ከተማ



ባለፈው ሰሞን በክፍል ውስጥ ስለ ከተሞች ስናስተምር፣ እዚሁ ካምፕ ተወልዶ ያደገ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ካምፓችን ከተማ ነው ወይስ አይደለም? ገበያ አለን፣ ትምህርት ቤት አለን፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድም አለን» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ቀላል አልነበረም። መልሱን ለመፈለግ እንዲረዳን በዚህ እትም ከምንኖርበት ከኬንያ አንዲት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ መርጠን እናቀርባለን። ከተማዋ ላሙ ትባላለች።

ላሙን የመረጥንበት ምክንያት አለን። በገበያ የምንገበያይበት የስዋሂሊ ቋንቋ ያደገው በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ባሉ እንደ ላሙ ባሉ ከተሞች ነው። «ስዋሂሊ» የሚለው ስም ራሱ በዓረብኛ የባሕር ዳርቻ ማለት ከሆነው ቃል የመጣ ነው። የእነርሱ «ሶኮ» እና የእኛ «ሱቅ» የወጡት ከአንድ የዓረብኛ ቃል ነው። በስዋሂሊ «ሳ ሞጃ» ሲባልም እንደ እኛው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ጊዜ በምትወጣበት አገር ቀንን ከንጋት ጀምሮ መቁጠር ስለሚመች ነው።

ከተማዋና ቤቶቿ

ላሙ በሰሜን ኬንያ ጠረፍ፣ በተመሳሳይ ስም በምትጠራ ደሴት ላይ ትገኛለች። ሰው ሳያቋርጥ ከ700 ዓመት በላይ ኖሮባታል። እ.ኤ.አ. በ2001 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። መንገዶቿ እጅግ ጠባብ ስለሆኑ መኪና አይገባባቸውም፤ ሲሚንቶውንም፣ ጤፍ የሚያህለውን አሸዋም፣ የቤት ዕቃውንም የሚሸከመው አህያ ነው። አህዮቹ ብዙ በመሆናቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ለእነርሱ ብቻ የሚሆን የሕክምና ጣቢያ ተከፍቶላቸዋል።

የድሮዎቹ ቤቶች የተሠሩት ከኮራል ድንጋይና ከኖራ ነው። ኮራል ከባሕር የሚገኝ ድንጋይ ሲሆን፣ ግድግዳው ወፍራም ስለሚሆን ሙቀቱን ይከላከላል። ጣሪያውን የሚሸከመው በጨው ውኃ ዳር የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ አጠና ነው። አጠናው ከሦስት ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ክፍሎቹ ጠባብና ረጃጅም ሆነው ይሠራሉ። እንግዲህ የክፍሉን ስፋት የሚወስነው ባለቤቱ ሳይሆን ዛፉ ነው ማለት ነው። በውጭው በር ግራና ቀኝ በአገራችን መደብ የምንለው ዓይነት የድንጋይ መቀመጫ አለ። እንግዳ ሲመጣ በቅድሚያ እዚያ ተቀምጦ ይነጋገራል፤ የቤቱ ውስጥ ግን ለቤተሰቡ የተከበረ ነው።

ውኃን በተመለከተም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ደሴቲቱ በጨው ውኃ ተከባ ሳለ ሰው የሚጠጣው ጣፋጭ ውኃ አላት። ሼላ በተባለው መንደር አጠገብ ያሉት የአሸዋ ኮረብታዎች የዝናቡን ውኃ ወደ ውስጥ አስርገው ያጠራቅማሉ፤ ከተማዋም ከዚያ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ትጠጣለች። አሸዋው ቢወሰድ ወይም ቤት ቢሠራበት ጉድጓዱ ጨው ይሆናል። በየቤቱ ባለው የውኃ ገንዳ ደግሞ ትናንሽ ዓሦች ይጨመራሉ፤ የወባ ትንኝ እጭ እንዲበሉ ነው።

ንግድ፣ ጦርነትና ባርነት

በየዓመቱ አቅጣጫውን የሚቀያይረው የሕንድ ውቅያኖስ ነፋስ ባለ ሸራ ጀልባዎችን ከዓረብ አገርና ከሕንድ ያመጣ፣ መልሶም ይወስድ ነበር። ላሙ የዝሆን ጥርስና የማንግሮቭ አጠና ትሸጥ ነበር። ባሮችም ይሸጡባት ነበር፤ ያማሩት የድንጋይ ቤቶች የተሠሩበት ሀብት በአብዛኛው ከባሮች ላብ የተገኘ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1812 አካባቢ የጎረቤቷ የፓቴ ሰዎች ከሞምባሳ ገዥዎች ጋር አብረው ላሙን ለመያዝ በሼላ ባሕር ዳር ወረዱ። የላሙ ሰዎች ግን ድል ነሡአቸው። ከዚህ በኋላ ላሙ የዑማንን ሱልጣን ጥበቃ ጠየቀች፤ ትልቁም ምሽግ እ.ኤ.አ. በ1821 ገደማ ተጠናቀቀ። ምሽጉ ኋላ ወህኒ ቤት ሆኖ ቆይቶ፣ ዛሬ ሙዚየም ነው። የእንግሊዞች የባቡር ሐዲድ ከሞምባሳ ሲነሣና እ.ኤ.አ. በ1907 ባርነት በሕግ ሲቀር የላሙ ንግድ ተዳከመ። አዲስ ሕንፃ የሚሠራ ገንዘብ ስላልነበረ አሮጌው ሳይፈርስ ቆየ።

ከኮሞሮ የመጡት መምህር

የላሙ ሕዝብ በአንድ ዐይን የሚተያይ አልነበረም። በሰሜን በኩል ባለው የድንጋይ ሰፈር የቆዩት ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር፤ በደቡብ በኩል በጭቃና በሣር ቤት ደግሞ መጤዎች፣ ድሆችና ከባርነት የወጡ ሰዎች ነበሩ። የሃይማኖት ትምህርትም የባለ ስም ቤተሰቦች ድርሻ ተደርጎ ይታይ ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐቢብ ሷሊህ የተባሉ ሰው ከኮሞሮ ደሴቶች መጥተው በከተማዋ ተቀመጡ። እኒህ መጤ መምህር ማንም የማያስተምራቸውን፣ ባሮችንና የባሮችን ልጆች ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ከከተማዋ ታላላቆች ተቃውሞ ቢደርስባቸውም አልተዉትም። በ1900 አካባቢ የተመሠረተው የሪያዳ መስጊድና ትምህርት ቤት በመላው ምሥራቅ አፍሪካ የታወቀ ሆነ። ሐቢብ ሷሊህ እ.ኤ.አ. በ1935 አረፉ። እርሳቸው ያስፋፉት የመውሊድ በዓል እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይከበራል፤ ከሩቅ አገር እንግዶች ይመጣሉ፣ የአህያና የጀልባ እሽቅድምድም ይደረጋል። ትናንት መጤ የተባሉት ሰው ዛሬ የከተማዋ መኩሪያ ናቸው።

ወደቡና ዓሣ አጥማጆቹ

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 የኬንያው ፕሬዚዳንት ሙዋይ ኪባኪ፣ የደቡብ ሱዳኑ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በላሙ ተገኝተው የአዲስ ወደብ ሥራ አስጀመሩ። ወደቡ በመንገድና በባቡር ከኢትዮጵያና ከደቡብ ሱዳን ጋር እንዲገናኝ የታቀደ ነው። የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ሥራ ጀመረ። ስለዚህ የላሙ ነገር ለእኛም አገር ሩቅ አይደለም።

ይሁን እንጂ የባሕሩ መቆፈር ዓሣ የሚያጠምዱትን ጎዳ። ነዋሪዎቹ ድንጋይ ከመወርወር ይልቅ ተደራጅተው ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2018 በማሊንዲ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለ4,600 ያህል ዓሣ አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ እንዲከፈል ፈረደ። በ2019 ደግሞ በአካባቢው ሊሠራ የታሰበው የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ፈቃዱ ተሰረዘ፤ አንዱ ምክንያት ሕዝቡ በአግባቡ አልተጠየቀም የሚል ነበር።

የተማሪው ጥያቄ

ወደ ተማሪው ጥያቄ እንመለስ። ላሙን ከተማ ያደረጋት የድንጋይ ቤቷ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጭቃው ሰፈር ከተማ ባልተባለ ነበር። የጋራ ጉድጓዷን ትጠብቃለች፤ ለእንግዳ መቀመጫ አላት፤ የተናቀውን የሚያስተምር ሰው ተገኝቶባታል፤ ነዋሪዎቿም ሲበደሉ አብረው ይቆማሉ። በካምፓችን ከእነዚህ አንዳንዱ አለ፣ አንዳንዱ ይጎድላል። አንድ ትልቅ ልዩነትም አለ፦ የላሙ ሰው አያቱ የተቀመጠበት መደብ ላይ ይቀመጣል፤ እኛ ግን የአያቶቻችንን መደብ ትተን የመጣን ነን። ለተማሪው የሰጠሁትም መልስ ይኸው ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ማታ ሲሰበሰቡ የመጣችሁበትን ከተማ ንገሯቸው። ጉድጓዱን ማን ቆፈረው? ትምህርት ቤቱን ማን ጀመረው? ገበያው በየትኛው ቀን ይቆም ነበር? ይህን የሚያውቅ ልጅ ካምፕ ቢወለድም ከተማ አለው።