ያው እግር ለምን ይከዳል?

የሱሉልታ ሜዳ ለሳንባ ቢመችም ለቁርጭምጭሚት ራርቶ አያውቅም። በክረምት ከብት የረገጠው ጭቃ የኮቴውን ቅርጽ እንደያዘ በበጋ ደረቀ፤ መረሬው ተሰነጠቀ፤ ሣሩም ስንጥቁን ሸፈነው። ማለዳ በጭጋግ ውስጥ ተከታትለው ከሚሮጡት መካከል አንዱ ድንገት እግሩ ወደ ውስጥ ታጠፈበትና እያነከሰ ቁጭ አለ። በለገዳዲ፣ በሰበታና በቡራዩ የኳስ ሜዳዎችም ስንቱ ተጫዋች እንዲሁ በሁለት ጓደኞቹ ትከሻ ተደግፎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ወጌሻ ተጠራ፣ ቅቤ ተሞቀ፣ እግሩ ታሸ፣ በጨርቅ ተጠፈረ። “የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም” ያሉት አበው የእግሩ ወለምታ እንደሚታሽ አልተጠራጠሩም። እብጠቱ ጎደለ፣ ሕመሙም ለቀቀ። ሯጩ ድኛለሁ ብሎ ወደ ሜዳው ተመለሰ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ግን ያው እግር፣ በዚያው በኩል፣ ደግሞ ታጠፈ። የገረመውም ይህኛው ወለምታ ጉድጓድ በሌለበት፣ በደልዳላ መሬት ላይ መሆኑ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ማይክል ፍሪማን የተባሉ ወጣት የአጥንት ቀዶ ሐኪም በዚሁ ጥያቄ ተይዘው ነበር። ታካሚዎቻቸው ሕመሙ መቅረቱን ሲናገሩ ደስተኞች ነበሩ። ቆይተው ግን “እግሬ ይከዳኛል” እያሉ ተመለሱ።

በጊዜው ለዚህ የተዘጋጀ መልስ ነበር። ከቁርጭምጭሚት በውጭ በኩል አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙት ጅማቶች ተበጥሰው ሲድኑ ላልተው ይቀራሉ፤ የላላ ጅማት ደግሞ እግርን አይዝም ይባል ነበር። ስለዚህ ሐኪሞች እግሩን በጄሶ አሽገው ያስቀምጡት ነበር፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ ቀደው ጅማቱን ይሰፉት ነበር። ፍሪማን ሦስት መንገዶችን አወዳደሩ፦ ጄሶ፣ ስፌት፣ እና እግሩን ጠቅልሎ ቶሎ ማንቀሳቀስ። እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ውጤት ከሦስቱ የተሻለው ቶሎ ማንቀሳቀስ ሆኖ ተገኘ።

ይሁን እንጂ ዋናው እንቆቅልሽ አልተፈታም። በየትኛውም መንገድ ከታከሙት መካከል እግራቸው የሚከዳቸው አልጠፉም። ፍሪማን የቁርጭምጭሚቱን መላላት በራጅ ሲፈልጉ ደግሞ በብዙዎቹ ላይ አጡት። ጅማቱ ጠብቆ ድኗል፤ እግሩ ግን አሁንም ይከዳል። የተዘጋጀው መልስ ከሸፈ።

በዚህ ጊዜ የተጠቀሙበት ዘዴ ማንም ሰው ሳሎኑ ውስጥ ሊሞክረው የሚችል ነበር። ታካሚዎቹን በአንድ እግር አቆሟቸው፤ መጀመሪያ በጤነኛው፣ ቀጥሎ በተጎዳው። ዓይናቸውንም እንዲጨፍኑ አደረጉ። በጤነኛው እግር ጸንተው የቆሙ ሰዎች በተጎዳው ላይ ተንገዳገዱ። ሕመም የለም፤ እብጠት የለም፤ ጅማቱም አልላላም። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው?

ፍሪማን መልሱን ያገኙት ጅማትን በአዲስ ዓይን ሲያዩት ነው። ጅማት የድንኳን ገመድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሲጠብቅ ሥራው ባለቀ ነበር። እሳቸው ግን በውስጡ ነርቭ እንዳለና ያ ነርቭ የእግሩን አቀማመጥ በየቅጽበቱ እንደሚናገር ጠረጠሩ። በእንግሊዝ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጅንስ ከሚሠሩት ከባሪ ዋይክ ጋር ሆነው የድመት ቁርጭምጭሚትን መረመሩ። በ1967 ባሳተሙት ጥናትም በመገጣጠሚያው ሽፋንና በጅማቶቹ ውስጥ እንቅስቃሴን የሚሰልሉ የነርቭ ጫፎችን ገለጹ። ጅማት ሲበጠስ እነዚህም አብረው ይጎዳሉ። ጅማቱ ሲገጥምም ወሬ ነጋሪው ይጎድላል፤ እግሩ መታጠፉን ጡንቻ የሚሰማው ከረፈደ በኋላ ይሆናል።

ፍሪማን በዚሁ ጥርጣሬ ተነሥተው፣ የድመቱ ጥናት ከመታተሙም በፊት፣ ታካሚዎቻቸውን በሚወዛወዝ ሳንቃ ላይ ሚዛን እንዲጠብቁ አለማመዷቸው። እግራቸው የሚከዳቸው ሰዎች ቁጥር በግልጽ ቀነሰ። እኚህ ሰው በኋላ በዓለም የታወቁት በሰው ሠራሽ የጉልበት መገጣጠሚያ ሥራቸው ነው። እኔ ግን ስለዚህች ተራ ሳንቃ ከዚያ ባላነሰ ሊመሰገኑ ይገባል ባይ ነኝ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስል ነበር፤ ሆኖም በሌላ አቅጣጫ ሌሎች ሰዎች እግሩን ከውጭ ለመደገፍ እየደከሙ ነበር። አትሌቶች ቁርጭምጭሚታቸውን በፕላስተር ማሰር የጀመሩት ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው። በ1962 ሎውረንስ ራሪክ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው የፕላስተሩን ጥንካሬ ከ10 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ በኋላ ለኩት። ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ኃይሉ ጠፍቶ ነበር። ጨዋታው ገና ሳይሞቅ ማሰሪያው ላላ ማለት ነው።

በፕላስተር ፋንታ በሁለት ጎን ጠንካራ ፕላስቲክ፣ በውስጡ ለስላሳ ትራስ ያለውና በቀበቶ የሚጠብቅ ድጋፍ መጣ። እግሩ ወደ ላይና ወደ ታች እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል፤ ወደ ጎን መታጠፉን ግን ይከለክለዋል። በዌስት ፖይንት የአሜሪካ ጦር አካዳሚ ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱ 1,601 ዕጩ መኮንኖች በዕጣ ተከፈሉ፤ ገሚሱ ድጋፉን አደረገ፣ ገሚሱ ሳያደርግ ተጫወተ። በሁለት ዓመት ውስጥ 46 የቁርጭምጭሚት ጉዳቶች ተመዘገቡ። ድጋፍ ካደረጉት 11፣ ካላደረጉት 35 ነበሩ። ውጤቱ በ1994 ታተመ። ፕላስቲኩ እግሩን አጥብቆ ስለያዘ ነው ሊባል ይችላል።

በዚያው ዓመት ግን ከደቡብ አፍሪካ ሌላ ወሬ ተሰማ።

ሱርቬ፣ ሽዌልነስ፣ ኖክስና ሎምባርድ 504 እግር ኳስ ተጫዋቾችን ለአንድ የውድድር ዘመን ተከታተሉ። የእነዚህ ሰዎች ብልኃት ዕጣ ከማውጣታቸው በፊት አንዲት ጥያቄ መጠየቃቸው ነበር፦ “ከዚህ ቀደም ወለምታ ነበረብህ?” 258ቱ አዎ አሉ፣ 246ቱ የለም አሉ። ከዚያ በኋላ ነው በየቡድኑ ድጋፍ የሚያደርገውና የማያደርገው የተለየው። ዘመኑ ሲያልቅ፣ ቀድሞ ወለም ብሏቸው በነበሩት ዘንድ ድጋፉ ወለምታን በአምስት እጥፍ ቀነሰ። እግራቸው ተጎድቶ በማያውቁት ዘንድ ግን ለውጥ አላመጣም።

ፕላስቲኩ ያው ፕላስቲክ፣ ሜዳውም ያው ሜዳ ነበር። ሥራው መያዝ ብቻ ቢሆን ጤነኛውንም እግር እኩል በጠበቀው ነበር። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት ግምት ወደ ፍሪማን መለሳቸው፦ ድጋፉ ቆዳን እየነካ፣ ደክሞ የቀረው ነርቭ የማያደርሰውን ወሬ ሳያደርስለት አይቀርም። የለንደኑ እንቆቅልሽ ከ29 ዓመት በኋላ በአፍሪካ ምድር አንድ ተጨማሪ ቁልፍ አገኘ።

አንድ ነገር ቀረ። ሳንቃው ይሻላል ወይስ ድጋፉ? በአምስተርዳም ያንሰን፣ ቫን ሜኸለንና ፌርሃገን በቅርቡ ወለም ብሏቸው ታክመው ያበቁ 384 ስፖርተኞችን በሦስት ከፈሉ። አንደኛው ክፍል ለ8 ሳምንት የሚዛን ልምምድ ሠራ። ሁለተኛው ለ12 ወር በስፖርት ጊዜ ሁሉ ድጋፍ አደረገ። ሦስተኛው ለ8 ሳምንት ሁለቱንም አደረገ። በ2014 በታተመው ውጤት፣ በዓመቱ ውስጥ እንደገና ወለም ያላቸው ከተለማመዱት 27 በመቶ፣ ሁለቱን ካጣመሩት 19 በመቶ፣ ዓመቱን ሙሉ ድጋፍ ካደረጉት 15 በመቶ ሆኑ። ድጋፉ አሸነፈ። ያሸነፈው ግን ዓመቱን ሙሉ ስለተደረገ ይመስለኛል፤ ሕመም ሲጠፋ አውልቆ የሚጥል ሰው ይህን ጥቅም አያገኝም።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ2009 በእንግሊዝ ብርቱ ወለምታ የደረሰባቸው 584 ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት ታትሞ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ሲመዘኑ፣ ለ10 ቀን ብቻ ጄሶ የተደረገላቸውና ባለ ሁለት ጎን ድጋፍ ያደረጉት፣ በላስቲክ ፋሻ ከተጠቀለሉት ይልቅ ተሽሏቸው ተገኙ። በየመድኃኒት ቤቱ የምናገኘው ተለጣጭ ፋሻ ለከባዱ ወለምታ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

በሱሉልታም ሆነ በለገዳዲ የምትሮጥ፣ የምትጫወት ወይም የምታሰለጥን አንባቢ ሆይ፤ እግር ሲታጠፍ ከመታሸቱ በፊት ተጎጂው አራት እርምጃ መራመድ መቻሉን እይ። ካልቻለ፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ጫፍ ሲነካ ክፉኛ ካመመ፣ ስብራት ሊሆን ስለሚችል ማሸቱ ይቅርና ወደ ራጅ ይሂድ። ወለምታ ብቻ ከሆነ፣ ወደ ሜዳ ሲመለስ ለአንድ ዓመት በልምምድም በውድድርም ድጋፍ ያድርግ። ለቡድንህ የምትገዛው ድጋፍ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ፣ ቀድሞ ወለም ላላቸው ተጫዋቾች አስቀድመህ ስጥ።