የሽንት ቱቦ መዘጋት በምን ምርመራ ይታወቃል?

ከጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ ቁጭ ብድግ የሚያሰኝ ውጋት ድንገት ጋብ ሲል ብዙ ሰው «ጠጠሩ ወጣ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ጠጠሩ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ እዚያው እንደተሰነቀረ የኩላሊቱ ግፊት ብቻ ቀንሶም ሊሆን ይችላል። ለሳምንታት ተዘግቶ የቆየ ኩላሊት ያለ ሕመም ሊዳከም ስለሚችል፣ ሁለቱን የሚለየው የምስል ምርመራ ነው።

ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርደው ቱቦ ርዝመቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም የውስጡ ስፋት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቱቦው ሲዘጋ ሽንቱ ወደ ኋላ ተጠራቅሞ ኩላሊቱን ይወጥረዋል። አልትራሳውንድ በቅድሚያ የሚታዘዘው ይህን ውጥረት በድምፅ ሞገድ ስለሚያሳይ ነው። ጨረር ስለማይጠቀም ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናትም ተመራጭ ነው። ይሁን እንጂ በቱቦው መካከል የተሰነቀረውን ጠጠር የአንጀት አየር ሊጋርደው ይችላል፤ መዘጋቱ የጥቂት ሰዓታት ከሆነም ኩላሊቱ ገና ላይወጠር ይችላል። ስለዚህ ሕመሙ ለቀጠለበት ሰው «አልትራሳውንዱ ምንም አላሳየም» መባሉ የመጨረሻ መልስ አይደለም።

ለዚህ ምርመራ ውኃ ጠጥቶ ፊኛን ሞልቶ መቅረብ ያስፈልጋል፤ ተራ ሲጠብቁ ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ ምስሉን ያበላሸዋል። የፕሮስቴት ዕጢ ያበጠባቸው አረጋውያን ከሸኑም በኋላ በድጋሚ ይታያሉ፤ በፊኛው የቀረው የሽንት መጠን መዘጋቱ ምን ያህል እንደከፋ ይጠቁማልና።

ራጅ ካልሲየም ያላቸውን ጠጠሮች በአብዛኛው ሲያሳይ፣ ከዩሪክ አሲድ የተሠሩትን አያሳይም። ሲቲ ስካን ግን በደም ሥር የሚሰጥ ማቅለሚያ ሳያስፈልገው ሁሉንም ለማለት ይቻላል፣ ከነመጠናቸውና ከነቦታቸው በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል። መጠኑ ሕክምናውን ይወስናል፤ ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሱት አብዛኞቹ በራሳቸው ይወጣሉ። ጉድለቱ ጨረሩና ዋጋው ነው። ማቅለሚያ የሚሰጥ ከሆነ አስቀድሞ የኩላሊት አቅም በደም ምርመራ ይታያል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ወይም ቀድሞ በማቅለሚያ የተቆጣ ሰው ይህንን ለባለሙያው መናገር ይኖርበታል።

የጎን ውጋት ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ፣ ወይም ሽንት ጨርሶ ከቆመ፣ የምርመራ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያሻል። ተዘግቶ የተመረዘ ኩላሊት በአፋጣኝ ካልተነፈሰ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ከሕክምና በኋላ የሚታዘዘው የክትትል አልትራሳውንድ ሕመም ባይኖርም መደረግ ይኖርበታል፤ ሐኪሙ እንዲያነጻጽረውም የቀድሞው ምስልና ውጤት አብሮ ይያዛል።